የቢሮን ኮምፒውተር ከርቀት መክፈት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለአነስተኛ ቢሮዎች ነው። ጥቂት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አሏችሁ፣ ሒሳባችሁ ፒችትሪ ላይ ነው፣ የራሳችሁ የአይቲ ክፍል የላችሁም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቤቷ ሆና ደሞዝ መሥራት ትፈልጋለች፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ዱባይ ዕቃ ሊገዛ ሄዶ የመጋዘኑን ቀሪ ማየት ይፈልጋል። ይቻላል፣ ከባድም አይደለም። ግን በብዙ ቢሮ የሚሠራበት መንገድ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ከቤቴ ሆኜ የቢሮዬን ኮምፒውተር መክፈት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መጀመሪያ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶውስ የትኛው እንደሆነ እዩ። ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ ኮምፒውተሩን ከሌላ ቦታ ሆኖ መክፈቻው ሪሞት ዴስክቶፕ አብሮት አለ፤ ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሆም ከሆነ ግን ከእሱ ተነስታችሁ ወደ ሌላ መግባት ትችላላችሁ እንጂ ሌላ ሰው በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ እሱ መግባት አይችልም። ለሆም ባለቤቶች ቀላሉ አማራጭ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ነው፤ ነፃ ነው፣ የሚፈልገው የጉግል አካውንትና ቢያንስ ስድስት አሃዝ ያለው ፒን ነው።

ቀጥሎ ዊንዶውሱ አፕዴት እያገኘ መሆኑን አረጋግጡ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተጨማሪውን የጥገና ጊዜ ካላስመዘገባችሁ በቀር አዲስ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ሁሉ ክፍቱን ይቀራል። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁማ ነገሩ ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም ክራኩን የሠራው ሰው ራሱ ምን እንደጨመረበት አታውቁም። የድርጅታችሁ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ያለበትን ማሽን ከርቀት ለመክፈት ስታስቡ መጀመሪያ ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው።

ቴክኒሻን ጠርተን ራውተሩ ላይ ፖርት 3389 ከፈተልን። በደንብ ይሠራል። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ ለእናንተ እንደሚሠራው ለመላው ዓለም መሥራቱ ነው። ፖርት ከኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባበት በር ማለት ነው፤ 3389 የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ ቁጥር ነው፣ ይህን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ኢንተርኔቱን ቀን ከሌት እያሰሱ ይህ ፖርት የት የት ክፍት እንደሆነ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ። «የእኔ ትንሽ ቢሮ ማንን ያስጎመጃል?» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም፤ ፕሮግራሙ ቢሮውን አይመርጥም፣ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚሞክረው።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ኢቨንት ቪወርን ክፈቱ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሴኩሪቲ፤ እዚያ ቁጥር 4625 የተጻፈባቸውን መስመሮች ፈልጉ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ነው። ፖርቱ ለኢንተርኔት ክፍት በሆነ ማሽን ላይ መስመሮቹ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። አንዱን ስትከፍቱት የተሞከረው ስም ይታያል፦ አድሚኒስትሬተር፣ አድሚን፣ ዩዘር፣ ቴስት፣ ስካነር። ሰዓቱንም እዩት፤ ቢሮው ተዘግቶ ዘበኛው ብቻ ባለበት ሌሊትም አያቋርጥም። ፓስወርዳችሁ የድርጅቱ ስም ላይ 123 የተጨመረበት ከሆነ ወይም የሆነ ሰው ስልክ ቁጥር ከሆነ፣ አንድ ቀን መገመቱ አይቀርም።

ፓስወርዱ ጠንካራ ቢሆንም ነገሩ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ብሉኪፕ የሚባል ቀዳዳ በሪሞት ዴስክቶፕ ውስጥ መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ አጥቂው ስምም ፓስወርድም ሳያስፈልገው መግባት ያስችለው ነበር። ጉዳዩ ማይክሮሶፍትን እጅግ ስላሳሰበው ድጋፉ ከዓመታት በፊት ለተቋረጠው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አወጣ። ያኔ 3389ን ለኢንተርኔት ያልከፈተ ቢሮ ከውጭ በቀጥታ የሚመጣበት ነገር አልነበረም።

አንዴ ከተገባ በኋላ የሚሆነው ምንድን ነው? ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት የፒችትሪው ፎልደር፣ የኤክሴል ፋይሎች፣ የደንበኞች ውል፣ ሁሉም ስማቸው ተቀይሮ አይከፈቱም። ዴስክቶፑ ላይ በቢትኮይን ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። ባክአፑ እዚያው የተሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ከነበረ እሱም አብሮ ተቆልፏል። ስለዚህ ባክአፕ የምታደርጉበትን ዲስክ ሥራው ሲያልቅ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት።

ባጭሩ ያን ፖርት ዛሬውኑ ዝጉት። ነገ አትበሉ።

ቁጥሩን ከ3389 ወደ ሌላ ብቀይረውስ?

ሙከራው ይቀንሳል፣ አይቆምም። የሚያስሱት ፕሮግራሞች ሁሉንም ፖርት ማየት ይችላሉ፣ ከኋላው ያለው ሪሞት ዴስክቶፕ መሆኑንም ይለያሉ። ይህን እንደ መከላከያ አትቁጠሩት።

ታዲያ በምን ልተካው?

የቢሮውን ኮምፒውተርና የእናንተን ላፕቶፕ ብቻ የሚያገናኝ፣ ሌላ ሰው የማያየው የግል መስመር ያስፈልጋችኋል። ይህን ለመሥራት ዛሬ ቀላሉ መሣሪያ ቴይልስኬል ነው ብዬ አምናለሁ። ከሥሩ ያለው ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መስመር መዘርጊያ) ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሊኑክስ ሲስተም እምብርት ውስጥ የተካተተ፣ ኮዱ አጭር ስለሆነ ባለሙያዎች በደንብ የመረመሩት ነገር ነው። ለግል አጠቃቀም ነፃ ነው፤ ለድርጅት ስትጠቀሙበት የክፍያ ደንቡን እዩ።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ትጭናላችሁ፣ በጉግል ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ትገባላችሁ። ላፕቶፓችሁ ላይም እንደዚያው፣ በዚያው አካውንት። ሁለቱም በ100 የሚጀምር የራሳቸው አይፒ አድራሻ ያገኛሉ። ከዚያ ሪሞት ዴስክቶፕን ከፍታችሁ የቢሮውን የ100 አድራሻ ታስገባላችሁ። አለቀ። ራውተሩን የሚነካ ሰው የለም፣ ለውጭ የተከፈተ ፖርት የለም።

ለእኛ አገር ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ የኢንተርኔት መስመር፣ በተለይ የሞባይል ዳታ፣ የራሱ የሆነ የውጭ አይፒ የለውም፤ ብዙ ደንበኛ አንዱን አድራሻ ይጋራል። ራውተራችሁ ውስጥ የሚታየው የኢንተርኔት አድራሻ በ10 ከጀመረ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል ከሆነ እንደዚያ ናችሁ ማለት ነው፣ ያኔ ፖርት መክፈት ራሱ አይሠራም። ቴይልስኬል ግን ግንኙነቱን ከሁለቱም በኩል ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚጀምር ችግር የለበትም።

ሰዎች የሚረሷቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዊንዶውስ ላይ ተጠቃሚው ዘግቶ ሲወጣ ቴይልስኬልም አብሮ እንዳይቋረጥ «ረን አንአተንድድ» የሚለውን ምርጫ አብሩት። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ማሽን የገባበት ፈቃድ ካልነካችሁት በ180 ቀን ያበቃል፤ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ ይህን ካላጠፋችሁ አንድ ቀን ከሩቅ አገር ሆናችሁ በሩ ይዘጋባችኋል። ሦስተኛ፣ የዊንዶውሱ ፋየርዎል ሪሞት ዴስክቶፕን ከእነዚያ የ100 አድራሻዎች ብቻ እንዲቀበል አድርጉት፤ ያኔ ቢሮ ዋይፋይ ላይ ያለ እንግዳ እንኳ አይሞክረውም።

ስልኬ ላይ ቪፒኤን አለኝ። እሱ አይበቃም?

አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ በተዘጉበት ጊዜ አብዛኛው ሰው ቪፒኤንን ያወቀው እንደ ሳይፎን ባሉ መተግበሪያዎች ነው። እነዚህ የእናንተን ኢንተርኔት ወስደው በሌላ ሰው ሰርቨር በኩል ወደ ውጭ ያወጡታል። የተዘጋ ድረ ገጽ ለመክፈት ይጠቅማሉ፤ ከቢሮ ኮምፒውተራችሁ ጋር ግን አያገናኟችሁም፣ ኮምፒውተሩንም ከማንም አይከላከሉም። እዚህ የምናወራው በራሳችሁ መሣሪያዎች መካከል ስለሚዘረጋ መስመር ነው። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ከፍታችሁ የባንክና የድርጅት ሥራ ባትሠሩ ደግሞ ይመረጣል።

ሁሉም የሚጠቀመው ኤኒዴስክ ነው። ደህና ነው? ቲምቪወርስ?

ሁለቱም ኮምፒውተርን ከርቀት መክፈቻ ፕሮግራሞች ናቸው፣ ድርጅቶቻቸው የጀርመን ናቸው፣ ግንኙነቱን ያመሰጥራሉ፣ ፖርት አያስከፍቱም። ከተከፈተ 3389 ጋር ሲነፃፀሩ በጣም ይሻላሉ። ቢሆንም እነሱም የሚጠቁበት ጊዜ አለ። ኤኒዴስክ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ሰርቨሮቹ ውስጥ ሰው ገብቶ እንደነበር ራሱ አሳውቋል፤ የደንበኞችን የድረ ገጽ ፓስወርዶች ሰርዞ ፕሮግራሙን በአዲስ ዲጂታል ፊርማ አወጣ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ከዚያ በፊት የተጫነ አሮጌ ኤኒዴስክ ከሆነ አጥፍታችሁ አዲሱን ከራሱ ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውርዱ። ከቴሌግራም ቻናል የተለቀቀውን ወይም ከሰው ፍላሽ ላይ ያገኛችሁትን አይደለም።

ሰው በሌለበት እንዲከፈት የምታስቀምጡት ፓስወርድ ዋናው ነገር ነው። ረጅም ይሁን፣ ሌላ የትም ቦታ ያልተጠቀማችሁበት ይሁን። ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሁለተኛ ማረጋገጫውን (ከፓስወርዱ በተጨማሪ የሚጠየቀውን ኮድ) አብሩ፣ መግባት የሚችሉትን የኤኒዴስክ ቁጥሮችም ዘርዝራችሁ ሌላውን ዝጉ። ከሥራ አስኪያጁና ከሒሳብ ሠራተኛዋ በቀር ማንም የማይገባ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ቁጥር ብቻ መኖር አለበት።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ። በሪሞት ዴስክቶፕ ስትገቡ ቢሮ ያለው ስክሪን ይቆለፋል። በኤኒዴስክ ሲሆን ግን ፕራይቬሲ ሞድን ካላበራችሁ በቀር ቢሮ የተቀመጠ ሰው የምትሠሩትን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል። የደሞዝ ዝርዝር ሊሆን ይችላል።

ነፃው ኤኒዴስክም ሆነ ቲምቪወር ለግል አጠቃቀም ብቻ ነው። ለድርጅት ስትጠቀሙበት ያውቅና ግንኙነቱን ያቋርጥባችኋል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በወር መጨረሻ ሥራ በተጣደፋችሁበት ሰዓት ነው። ወይ ክፈሉ ወይ ሌላ መንገድ ያዙ፤ ክራክ አትፈልጉ።

ከባንክ ነን ብለው ደውለው ኤኒዴስክ ጫን አሉኝ። ምን ላድርግ?

ስልኩን ዝጉ። የትኛውም ባንክ ደውሎ ስክሪናችሁን ማየት አይፈልግም።

አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። ድምፁ የተረጋጋና ትሑት ነው፣ በስማችሁ ይጠራችኋል። አካውንታችሁ ላይ ችግር ታይቷል፣ ወይም ሽልማት ወጥቶላችኋል፣ ወይም መተግበሪያው መታደስ አለበት ይላችኋል። ከዚያ አንድ መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር እንድታወርዱ ያደርጋችኋል፤ ከፕሌይ ስቶር ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም፣ ኤኒዴስክ ራሱ እውነተኛ ፕሮግራም ነዋ። ቀጥሎ «ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር አንብቢልኝ እስኪ እህቴ» ይላል። ቁጥሩ ሲነበብለት ስልኩ ላይ ፍቀድ የሚል መልእክት ይመጣል። ፍቀድ ከተባለ በኋላ ስክሪኑን ያያል፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድም ከእናንተ እኩል ያነባል። የህንድ ማዕከላዊ ባንክ በዚሁ ዘዴ ስለሚፈጸም ማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ2019 ኤኒዴስክን በስም ጠቅሶ ለባንኮች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። ዘዴው አገር አይመርጥም።

ከፈቀዳችሁ በኋላ ከሆነ የነቃችሁት፣ አትደንግጡ፣ ግን ፍጠኑ። ዳታውንና ዋይፋዩን አጥፉ። በሌላ ስልክ ወደ ባንካችሁ ደውላችሁ አካውንቱን አሳግዱ። መተግበሪያውን አጥፉ። ፓስወርዶቻችሁንና የሞባይል ባንኪንግ ሚስጥር ቁጥራችሁን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ቀይሩ። ለእናት ለአባቶቻችሁ ደግሞ ይህን ዛሬ ማታ ንገሯቸው፤ በብዛት የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

የፒችትሪውን ፎልደር ሼር አድርጌ በቪፒኤን ከቤት ላፕቶፕ ላይ ብከፍተውስ?

አታድርጉት። ፒችትሪ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ሴጅ 50 የተባለው፣ የተሠራው በአንድ ቢሮ ኔትወርክ ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮች ነው። ዳታውን በቀርፋፋ መስመር ስትከፍቱት በመጀመሪያ ይንቀራፈፋል፤ ከዚያ መሃል ላይ ኔት ሲቋረጥ የጀመራችሁት ፖስቲንግ ሳያልቅ ይቀርና ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ስትገቡ ግን ፕሮግራሙም ዳታውም ቢሮ ናቸው፤ ወደ እናንተ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ኔት ቢጠፋ ቢሮ ያለው ፒችትሪ ተከፍቶ ይጠብቃችኋል፣ ተመልሳችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ሁለተኛ ማረጋገጫ የግድ ነው?

አዎ፣ የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የአሜሪካን ምሥራቃዊ ክፍል በነዳጅ የሚመግበው ኮሎኒያል ፓይፕላይን መስመሩን ለመዝጋት የተገደደው፣ አጥቂዎቹ በአንድ በተረሳ የቪፒኤን አካውንት ገብተው ነው። አካውንቱ ፓስወርድ ብቻ ነበረው፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ድርጅቱ 75 ቢትኮይን ከፈለ፤ በጊዜው ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

እናንተ ቴይልስኬልን ወይም ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕን የምትከፍቱት በጉግል አካውንት ከሆነ ሁለተኛውን ማረጋገጫ የምታበሩት እዚያው ጉግሉ ላይ ነው። በኤስኤምኤስ ከሚሆን ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ተጠቀሙ። ምክንያቱም ውጭ አገር ስትሄዱ የኢትዮጵያ ሲማችሁ ሮሚንግ ካልሠራ ኮዱ አይደርሳችሁም፣ እናንተም ከራሳችሁ ቢሮ ውጭ ትቀራላችሁ። መጠባበቂያ ኮዶቹንም በወረቀት ጽፋችሁ ፓስፖርታችሁ ካለበት ቦርሳ ውጭ አስቀምጡ።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል። ማን ሄዶ ያብራልኝ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፣ መፍትሔውም ብዙዎች የማያውቁት ቀላል ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ያለው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡና ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነውን ምርጫ ፈልጉ። ስሙ ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ፓወር በሚለው ክፍል ውስጥ ነው። «ፓወር ኦን» አድርጉት። ከዚያ በኋላ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ዴስክቶፕ ላይ እንጂ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ይህ ምርጫ የለም።

ዩፒኤስ ካላችሁ ራውተሩንም እሱ ላይ ሰኩት። ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ምንም አልፈየደም፣ ራውተሩ ደግሞ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው። ዊንዶውሱ ራሱ እንዳይተኛ ስሊፕን «ኔቨር» ላይ አድርጉት። ሥራ ስትጨርሱም ሻት ዳውን እንዳትነኩ፤ ዲስኮኔክት ወይም ሳይን አውት ነው የምትሉት።

ኔቱ ቀርፋፋ ነው፣ ዳታም ይበላብኛል።

የሪሞት ዴስክቶፕ ምርጫዎች ውስጥ ቀለሙን ወደ 16 ቢት አውርዱ፣ የጀርባውን ፎቶና እንቅስቃሴዎቹን አጥፉ። የስክሪኑን መጠንም ቀንሱ። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ አትክፈቱ። ሪፖርቱን እዚያው ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ እሱን ብቻ ላኩ።

በሪሞት አማርኛ ስጽፍ ፊደሉ ይዘበራረቃል።

የአማርኛ ኪቦርዱ በሁለቱም በኩል በርቶ ይሆናል። አንዱ የጻፈውን ሌላው መልሶ ይተረጉመዋል። የራሳችሁን ላፕቶፕ እንግሊዝኛ ላይ አድርጉና የቢሮውን ብቻ ወደ አማርኛ ቀይሩ።

እኔ ዋሽንግተን ነኝ፣ እናቴ አዲስ አበባ። ኮምፒውተሯን እዚህ ሆኜ ማስተካከል እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ቋሚ ፓስወርድ ማስቀመጥም አያስፈልግም። ዊንዶውስ ውስጥ ኩዊክ አሲስት የሚባል አለ። እናንተ በማይክሮሶፍት አካውንት ትገቡና ኮድ ያወጣላችኋል፤ ኮዱን በስልክ ለእማዬ ትነግሯታላችሁ፣ እሷ ታስገባዋለች፣ ትፈቅዳለች። ኮዱ ከደቂቃዎች በኋላ አይሠራም። ግን ይህን ስታስለምዷት አንድ ነገር አብራችሁ አስለምዷት፦ ድምፃችሁን ሳትሰማ ኮድ አታስገባም፣ እናንተም ሳትደውሉ አትገቡም።

ሊኑክስ ሰርቨር ነው ያለኝ።

ሰርቨሩን ከርቀት በጽሑፍ ትእዛዝ መክፈቻ የሆነውን ኤስኤስኤች ተጠቀሙ። በፓስወርድ መግባትን ዝጉና በቁልፍ (ኮምፒውተራችሁ ላይ በሚቀመጥ የሚስጥር ፋይል) ብቻ አድርጉት፤ ቁልፉንም በማለፊያ ቃል ቆልፉት። ሩት የሚባለው ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት በቀጥታ እንዳይገባ ከልክሉ። ፓስወርዱን ከመዝጋታችሁ በፊት በሌላ መስኮት በቁልፉ መግባት መቻላችሁን ሞክሩ፣ የመጀመሪያውንም መስኮት እስክታረጋግጡ አትዝጉት። ከተቻለ ይህንንም ከቴይልስኬል ጀርባ አስቀምጡት።

ሒሳብ ሠራተኛችን ሥራ ለቀቀች። ምን መቀየር አለብን?

የለቀቀችው በሰላም ቢሆንም ሁሉንም ቀይሩ፤ እሷንም ከጥርጣሬ ያድናታል። የዊንዶውስ አካውንቷን ዝጉ። የኤኒዴስኩን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ቁጥሯን ከዝርዝሩ አውጡ። ላፕቶፗን ከቴይልስኬል አስወግዱ። መጀመሪያ ያገጠመላችሁ ቴክኒሻንም የራሱን መግቢያ ትቶ ሊሆን ስለሚችል እሱንም አብራችሁ እዩ፤ ብዙ ቢሮ የሚረሳው ሰው እሱ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ አካውንት ሲጠቀም ከቆየ ማን መቼ እንደገባ መለየት አትችሉም፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ሠራተኛ የራሱን ስም ስጡት።

ለለቀቀው ሰውም አንድ ቃል። ፓስወርዱን ስለምታውቁት ብቻ መግባት አይፈቀድላችሁም። ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። የረሳችሁት የግል ፋይል ካለ ደውላችሁ ጠይቁ፣ እነሱ ይላኩላችሁ።